የያደታ ስፖርት ቤት

አሰፋች አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ ሠርታለች። ጉልበቷን ያመማት በዚያው ነው። ሐኪሙ መርምሯት፣ «ጡንቻሽ ደክሟል፤ እንቅስቃሴ ያስፈልግሻል» ብሎ ሸኛት። እሷም እሺ ብላ ወጣችና ረሳችው።

ያስታወሳት ባቡሩ ነው። በ1987 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ናዝሬት ያለችው ታናሽ እህቷ ወለደችና ልትጠይቃት ተነሳች። አቃቂ ጣቢያ ስትደርስ ግን የፉርጎው ደረጃ እምቢ አላት። እግሯን ብታነሳ፣ ብታነሳ አልደርስ አለ። አንዱ ከላይ እየጎተተ፣ ሌላው ከታች እየገፋ እንደ ጆንያ ተጭና ገባች። ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ እስከ ናዝሬት ድረስ ግን ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። አሰፋች ያን ቀን በገዛ እግሯ ልትሳፈር ቆርጣ ተመለሰች።

መጀመሪያ የሄደችው መሀል ከተማ ወዳለ ትልቅ ስፖርት ቤት ነው። አሠልጣኙ በመስታወት ራሳቸውን ከሚያዩት ጎረምሶች ለአፍታ ዞር ብሎ፣ «እናት፣ እዚያ ብስክሌት ላይ ይቀመጡ» አላት። የማይሄድ ብስክሌት አንድ ሰዓት ሙሉ ረገጠች። ለምን እንደመጣች የጠየቃት ሰው የለም።

ስለ ያደታ የነገራት ጎረቤቷ ተክሌ ነው። ተክሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወገቡን ስለሚያመው እዚያ ይመላለሳል። ያደታ ደግሞ በወጣትነቱ ክብደት ያነሳ የነበረ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነው። ከጣቢያው ጀርባ በግቢው ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሠርቷል። ከስድስት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አይቀበልም። «ሰባተኛው ላይ ዓይኔ አይደርስም» ይላል።

«እትዬ አሰፋች፣ ምን ማድረግ አቅቶዎት ነው የመጡት?» አላት ያደታ፣ ተክሌ ይዟት የሄደ ዕለት።

«ባቡር ላይ መውጣት።»

አልሳቀም። ሜትር ይዞ ወደ ጣቢያው ሄደና የአንድ የቆመ ፉርጎ ደረጃ ለክቶ ተመለሰ። በማግስቱ ልትወጣ ልትወርድበት ሁለት ጣውላ ደራርቦ ጠበቃት። እየበረታች ስትሄድ በየሳምንቱ አንድ ይጨምራል። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ጉልበቷን ብቻ ያያል።

«ወደ ውስጥ ገባ... ወደ ውጭ ይግፉት። ይኸው!»

ተክሌ በጀርባው ተኝቶ የራሱን እየሠራ ይቆጥርላታል። «ሰባት! ስምንት! ስምንት አልኩሽ እኮ፣ አትስረቂ!»

በስድስተኛው ሳምንት ጣውላው ከፍ ሲል እግሯ ከዳትና በቂጧ ተቀመጠች። ምንም አልሆነችም፤ ግን አፈረች። አራት ቀን ቀረች። በአምስተኛው ቀን ሁለቱም በሯ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«የምቆጥርለት ሰው አጣሁ» አለ ተክሌ።

ያደታ ቆቡን አውልቆ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቸኩዬ ጨመርኩብዎት። አንዱን ጣውላ አንስቼዋለሁ» አላት።

ነጠላዋን አንስታ ተከተለቻቸው።

የክርስትናው ዋዜማ ደረሰ። አሰፋች የፉርጎውን እጀታ ያዘች፤ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ገባች። ማንም አላያትም። ትንሽ ከፋት። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞራ፣ «አየሽ እንዴት እንደወጣሁ?» አለቻት።

«ምን ሆነሽ ነበር?» አለች ሴትዮዋ።

አሰፋች ከመጀመሪያው ጀምራ ደብረ ዘይት እስኪደርሱ አወራችላት። ሴትዮዋ ስትወርድ የያደታን ግቢ አድራሻ ይዛ ነው።

አሰፋች ከክርስትናው ተመልሳ፣ ሰኞ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሄደች።

«እህስ?» አለ ያደታ።

«ወጣሁ!»

ተክሌ ከተኛበት አጨበጨበ። ያደታ እጇን ጨብጦ፣ «አሁንስ ምን አማረዎት?» ሲል ጠየቃት።

«መሮጥ።»

«በስመ አብ!» አለ ተክሌ።

ያደታ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሦስቱም ከግቢው ፊት ወዳለው ሜዳ ወጡ። አሰፋች ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ዱብ ዱብ ስትል፣ ተክሌ ወገቡን ይዞ ከኋላ ይጮሃል፤ «ቆይ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!»