ኦርቫል ያልሰጠው ድምፅ

ኦርቫል ስታምፐር ስድስት ጊዜ ተመርጦ አሥራ ሁለት ዓመት በግዛታችን ምክር ቤት ተቀምጧል። ስድስቱንም ጊዜ ያስመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሌስተር፣ ፀጉር አስተካካዩ። ቢሮ የሚባል ነገር አልነበረንም። ሰዉ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ምላጩን አገጩ ሥር አስጠግቼ «ዘንድሮስ ለማን ነው?» እለዋለሁ። በዚያ ሰዓት ማን ወንድ ነው «ለሌላ» የሚለኝ?

ኦርቫል አፈ ጮሌ አልነበረም። የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ንግግሩም እንደ ትምህርቱ እንቅልፍ ያመጣል፣ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ያለውን ግን ያደርጋል። ድልድዩን አሠራለሁ አለ፣ አሠራ። የከሰል ቆፋሪዎቻችንን ሳንባ የሚያይ ሐኪም አመጣለሁ አለ፣ አመጣ። ሆስፒታላችን ሃያ አልጋ ያላት ትንሽ ነገር ነበረች። ከእሷ ሌላ ከፈለግህ በተራራው ጠመዝማዛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

በመጨረሻው ዘመኑ እንደ እኛዋ ያሉት ሆስፒታሎች እንዳይዘጉ የሚያደርግ ሕግ ቀረበ። ኦርቫል ሦስት ወር ሙሉ በየሰዉ በር እየቆመ ድምፅ ሲለምን ከረመ። በመጨረሻ የራሱን ሳይቆጥር ከሚያስፈልገው በላይ አራት አገኘና ትንሽ እፎይ አለ።

እዚያ ምክር ቤት አንድ የቆየ ልማድ አለ። አንድ አባል ታሞ ወይም ሐዘን ደርሶበት ከቀረ፣ ከተቃራኒው ወገን አንዱ «አንተ እስክትመለስ እኔም ድምፅ አልሰጥም» ብሎ ቃል ይገባለታል። አንዱ ባንዱ ይጣፋና ማንም አይጎዳም። ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው፤ እጅ መጨባበጥ ብቻ። ክሌም ዊርት የሚባል፣ ሕጉን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ሚስቱ ሞተችበት። ሊቀብራት ሲነሳ ኦርቫል እጁን ጨበጠው። አራት ትርፍ ያለው ሰው ምን ይፈራል?

በማግስቱ ድምፅ ሊሰጥ ሲል እሺ ካሉት አምስቱ ከዱት። ኦርቫል አዳራሹ ደጅ ካለው ስልክ ሱቄ ደወለ።

«ሌስ፣ አንድ ድምፅ ጎደለን። የጎደለው የኔው ነው» አለኝ።

«ዊርት ጋ ደውልና ቃሌን መልስልኝ በለው።»

«ሚስቱን እየቀበረ ነው እኮ።»

ደንበኛዬ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ይጠብቀኛል። ብዙም አላሰብኩ።

«እንግዲያው አርፈህ ተቀመጥ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ሚስቱን የሚቀብር ሰው ከድተህ ፊቴ እንዳትቆም» አልኩት።

ተቀመጠ። ሕጉም በአንድ ድምፅ ወደቀ።

ሲመለስ ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። የስልኩን ነገር ብቻ ዘለለው። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ አሁን ስሜን ጠራው እያልኩ በሩን በሩን አያለሁ። አልጠራኝም። አንዲት ነርስ ተነስታ «የመረጥንህ እኛ ነን ዊርት?» አለችው። አዳራሹም አጨበጨበላት። ወይ ነዶ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

በምርጫው በገዛ ሰፈሩ ሳይቀር ተሸነፈ። ሆስፒታሏም ተዘጋች፤ መስኮቶቿ ላይ ሳንቃ ተመታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ትናንት ፊቱ ቀና የማይሉት ሁሉ ወንበሬ ላይ ተንጋለው ከሃዲ ይሉታል። እኔ አረፋ እቀባለሁ። እሱ ግን አርፎ አልተቀመጠም። የቀድሞ አባል ከኋላ ወንበር የመቀመጥ መብት ስላለው፣ ሆስፒታሏን ክፈቱልን ለማለት ወደ ዋና ከተማው ይመላለሳል። አዲሶቹ አባላት ውሃ ሰጥተው ከመሃላቸው የማን አባት እንደሆነ ይጠይቁታል።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን የስልኩን ነገር ለምን እንደደበቀ ጠየቅኩት።

«አንተ ሱቅ አለህ። የኔ ስም እንደሆነ አንዴ ጠፍቷል። ሆድ ይፍጀው» አለኝ።

እኔ ልንገራቸው አላልኩትም። ነገ፣ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ኮሬታ ባቄላ ስትፈለፍል ደረቷን ያዘች። አምቡላንሱ የመጣው ከሌላ ከተማ ነው። የተዘጋችውን ሆስፒታል አልፈን ስንሄድ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር። ተራራውን ሳንጨርስ ለቀቀችኝ።

ከቀብር በኋላ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰልፎ፣ እኔንና ልጄን ዋንዳን እጅ እየጨበጠ ያጽናናን ነበር። ኦርቫልም ተሰልፎ መጣ። ተራው ደርሶ እጁን ሲዘረጋልኝ ዋንዳ መሃላችን ገባች። ሒሳብ ያስተማራት እሱ ነው።

«አቶ ስታምፐር፣ እናቴን መንገድ ላይ ያስቀሯት እርስዎ ነዎት። ይውጡልን» አለችው።

ኦርቫል እሷን ትቶ እኔን አየኝ። ምንም አልለመነኝም፤ እጁን እንደዘረጋ ጠበቀኝ። «ተቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ» ብል ይበቃ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ከዋንዳ ሌላ ማን ቀረኝ?

«ሂድ ኦርቫል» አልኩት።

ሄደ። ዋንዳ ክንዴን ይዛ «አይዞህ አባዬ» አለችኝ። ቀጣዩም ሰው እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት።