«ሙሉ» ያልኩበት ኩርባ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከተራራው ስንወርድ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ አፌን ሞልቼ «ሙሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሙሉ አልነበርንም።

ብስክሌት ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የምንነዳው አራት ሆነን፣ አንዱ ከአንዱ ጎማ ኋላ ተለጥፎ ነው። ፊተኛው ነፋሱን ይቀበላል፤ ሌሎቻችን ከጀርባው እንሸሸጋለን። ፊት ያለው ሰው ዞሮ ማየት አይችልም፤ ዞሮ ካየ ወይ ጉድጓድ ይገባል ወይ ሁላችንንም ይዞን ይወድቃል። ስለዚህ በየኩርባው ከመጨረሻው ሰው ፊት ያለው ዞር ይልና መጨረሻው መኖሩን አይቶ ይጮሃል። ካለ «ሙሉ»፣ ከሌለ «ጎደለ»። «ጎደለ» ከተባለ ሁላችንም እንቆማለን። የቡድናችን ሕግ ይኸው ብቻ ነው። ማሊያችን እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጮሁ ሥራ የኔ ነበር። መነጽር ቤት አለኝ፤ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ «ይሄ ፊደል ይታይሃል? ይሄስ?» ስል ነው የምውለው። ካፕቴን «ዓይን የሱ ሥራ ነው፤ እሱ ይየን» ብሎ ቦታውን ሰጠኝ። ካፕቴን የምንለው ዳቦ ጋጋሪውን ነው፤ በየሳምንቱ የምንገናኘው እሱ ዳቦ ቤት በር ላይ ነው። ሁለተኛው ቲቸር ነው፣ የሂሳብ አስተማሪ። ከኔ ኋላ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ደግሞ የእህቴ ባል ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠኝ። «ጋሼ» ነው የምለው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሆዴ ቀበቶዬን አልፎ ሲወጣ፣ የድሮ ብስክሌቱን አውጥቶ «ና፣ ውጣባት» ያለኝ እሱ ነው። እኔን የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ኮርቻዬን ይዞ እየሮጠ አስተምሮኛል፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ስቆብኛል።

ውድድሩ የቅዳሜና የእሁድ ነው፤ በሦስት ይከፈላል። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው፣ ከሰዓት ተራራው፣ እሁድ ጠዋት ከተማ ውስጥ ዙር። የሦስቱ ሰዓት ተደምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ላለነው ሦስት ሜዳሊያ ይሰጣል። የሜዳው ሲያልቅ እኔ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ፣ እኔም ከራሴ ሳልጠብቀው፣ አራተኛ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛው ቀይ ሄልሜት ያደረገ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ የሚበልጠኝ በሠላሳ አንድ ሰከንድ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስቱም ጓደኞቼ «ዛሬ ለአንተ ነው የምንነዳው» አሉኝ። ጋሼ የራሱን ሙዝ ሳይቀር ሰጠኝ። እኔ ግን ሙዙን እየላጥኩ ሠላሳ አንድን ነበር የማስበው።

ዳገቱን አብረን ወጣን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ቀዩ ሄልሜት ሁለት ኩርባ ዝቅ ብሎ ይታየን ነበር፤ በየመታጠፊያው እየቀረብነው ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጠጠር ፈሷል፤ ከሱ ወዲያ እስከ መግቢያው መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ካፕቴን በጣቱ አሳየን፤ እሱ አለፈ፣ ቲቸር አለፈ፣ እኔም አለፍኩ። ከዚያ ከኋላዬ ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ብረት መሬት ሲመታ። ዞር አልኩ። አቧራ ብቻ ነው፤ ጋሼ የለም። መልሼ ወደ ፊት ሳይ ቀዩ ሄልሜት ከእግሬ ሥር ያለ ያህል ቀርቧል።

«ሙሉ!»

አፌን አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ። አላመለጠኝም። «ጎደለ» ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩትና ሌላውን አወጣሁ። እንዲያውም ከወትሮው ከፍ አድርጌ ነው የጮህኩት። ካፕቴንና ቲቸር ቃሉን ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው ፔዳላቸውን ረገጡ። ምን ያድርጉ? አመኑኝ።

ቀዩን ሄልሜት አለፍነው፤ አርባ ሁለት ሰከንድ ቀድመነው ገባን። ካፕቴን ገና ከብስክሌቱ ሳይወርድ ዞር አለ።

«ሾፌሩስ?»

«ከኋላችን ነበር» አልኩ። «ደክሞት ቀረት ብሎ ይሆናል።»

«ሙሉ ብለህ የለ እንዴ?»

«ያን ጊዜማ ነበረ።»

ይህን ብዬ ኮዳዬን አፌ ላይ ደገንኩ። ባዶ ነበር፤ ግን እየጠጣሁ መስዬ ቆየሁ።

የመጨረሻውን ተወዳዳሪ ተከትላ የምትመጣው መኪና የደረሰችው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ጋሼ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። ብስክሌቱ ከላይ ተጭኗል፤ የፊት ጎማው ተጣሟል። እስኪያገኙት ድረስ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተኝቶ ቆይቷል። አጠገቡ ሄጄ «ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» አልኩት፤ እንደማያውቅ ሰው። «ወደቅኩ» አለኝ።

ክሊኒክ ወሰድነው። ራጅ ሲያነሱት የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ ሐኪሟ አሥር ሳምንት መሪ የሚባል ነገር እንዳይጨብጥ አለችው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ እሱን አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ወደኛ ዞረች።

«እናንተስ? የት ነበራችሁ?»

ካፕቴን አየኝ። ቲቸርም አየኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ቀደመኝ።

«እነሱ ምን ያድርጉ? ካለፉ በኋላ ነው የወደቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ይህን ሲል ዓይኑን ከኮርኒሱ አላነሳም።

እህቴ ለስለስ አለች። «እኔስ አውቀዋለሁ» አለችኝ፤ «አንተ ብታይማ ጥለኸው አትሄድም ነበር።»

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንዴ፣ እትዬ! እንዴት ተደርጎ!» አልኳት። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለወሬ ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር። ከልቤ ተመኘሁት። የክሊኒኩ ወለል ግን ደህና ተደርጎ የተሠራ ሲሚንቶ ነው።

እሁድ ጠዋት ተወዳደርኩ። «ብቀር ይነቃብኛል» ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሜዳሊያው ነው። አሥራ ሁለት ዙር ነበር፤ ጋሼ እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከእህቴ ጋር አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። በየዙሩ ሳልፍ «በርታ ወንድሜ!» ይለኛል። ሲስቅብኝ ወይም ሲቆጣኝ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ሁለቱንም አልነበረም፣ ከልቡ ነው። ከስድስተኛው ዙር በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ሌላ ማየት ጀመርኩ። ሦስተኛ ወጣሁ። ሜዳሊያውን ሲያጠልቁልኝ አንገቴን ደፋ አደረግኩ፤ ሰው ትሕትና መሰለውና አጨበጨበልኝ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ዳቦ ቤቱ ጓሮ ገባን። እህቴ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ካፕቴንና ቲቸር ውስጥ ዳቦ ሲያወጡ እኔና ጋሼ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥን። የጫማው ገመድ ተፈቷል፤ በአንድ እጁ መከራውን ሲያይ ተንበርክኬ ላስርለት ያዝኩ። ፊቱን ሳላይ መናገር እንደዚያ ቀለል አለኝ።

«ጋሼ፣ ትናንት ኩርባው ላይ…»

«ሰምቼሃለሁ።»

«እንዴት?»

«ቦዩ ውስጥ ሆኜ ነዋ። ድምፅህ ግሩም ነው፤ ገደሉ ሁሉ ተቀበለልህ። እኔ እኮ አሁን ‘ጎደለ’ ይላል፣ አሁን ይመለሳሉ ብዬ፣ እንዳትሰጉ ብዬ ለመነሳት እየታገልኩ ነበር።»

 ያመመኝ መስማቱ አይደለም። እንዳንሰጋ ብሎ ለመነሳት መታገሉ ነው።

«ታዲያ ለእትዬ ለምን እንደዚያ አልካት?»

«ያላት ወንድም አንድ ነው። በኔ የተነሳ አታጣውም።» ራሱን ወደ ዳቦ ቤቱ ነቀነቀና፣ «ለእነዚህ ግን አልዋሽልህም» አለ። «ቁልቁለት የሚወርዱት አንተን አምነው ነው። አንተው ንገራቸው። መጀመሪያ ግን ጫማዬን እሰርልኝ፤ እስከ ማታ ልትቆይበት ነው?»

ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ።

ነገርኳቸው። ካፕቴን ዳቦ እየቆረጠ ነበር፤ ቢላዋውን አቆመ።

«አይተህ ነው ‘ሙሉ’ ያልከው?»

«አይቼ ነው።»

«አቧራውን ነው ያየኸው ወይስ እሱ አለመኖሩን?»

«አለመኖሩን።»

ቲቸር መነጽሩን አውልቆ በማሊያው ጫፍ ይጠርግ ጀመር። መነጽሩ አልቆሸሸም ነበር። ቢሰድቡኝ፣ ውጣልን ቢሉኝ በወደድኩ፤ ለመሰደብ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ካፕቴን «እሺ» አለና መቁረጡን ቀጠለ፤ ለሦስቱ እንዳደረገው ለኔም አንድ ቁራጭ ፊቴ አስቀመጠልኝ። ሊዋጥልኝ አልቻለም። ሜዳሊያውን ከኪሴ አውጥቼ «ይሄን እመልሰዋለሁ» አልኩ።

«ለማን?» አለኝ ቲቸር።

መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

አላባረሩኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስንሰለፍ ግን እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ካፕቴን ምንም ክፉ ነገር በሌለበት ድምፅ «አንተ ፊት ሁን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቦታዬ ፊት ነው፤ ሜዳም ላይ፣ ቁልቁለትም ላይ። የሚጮኸው ቲቸር ነው፤ ያለ መነጽር የራሱን ጣት የማይለይ ሰውዬ። ድምፁን ከኋላዬ እሰማለሁ፤ እኔ ዞሬ ማየት አልችልም። የሚሉኝን ማመን ብቻ ነው።

ጋሼ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። ያን ቀን እህቴ ባሏ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ልታይ፣ ውሃ ይዛ፣ ጎረቤቷን አስከትላ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ከሩቅ ስታየን እጇን አነሳች። ስንደርስ ቆምን፤ ባሏን ትታ መጀመሪያ የመጣችው ወደኔ ነው።

«ይኸውልሽ» አለቻት ለጎረቤቷ፤ «ያ ፊት ፊት የሚመጣው ያልኩሽ ወንድሜ ነው። እሱ ነው የሚመራቸው!» ወደኔም ዞራ፣ «አንተ፣ መሪ አድርገውህ ዝም ትለኛለህ? ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ካፕቴን ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን መነካካት ጀመረ። ቲቸር ውሃ ይጠጣል። ጋሼ ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚያየኝ።

«ከውድድሩ ጀምሮ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

«ይገባሃል!» አለችኝ።