እንግሊዝኛ ቤታችን የገባ ጊዜ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ቤቱ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ገብቶ አያውቅም። ልጃችን ተማሪ ሳለች የቤት ሥራዋን ይዛ ስትመጣ እንኳ፣ «እሱን ነገ ክፍል ውስጥ ጠይቂኝ፤ እዚህ አባትሽ ነኝ» ይላት ነበር። ከእኔ ጋርማ ጭራሽ አይታሰብም። «እንግሊዝኛ ለተማሪ ነው፤ ሚስት የራሷ ቋንቋ አላት» ይለኝ ነበር። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምን ሊያደርግልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ኖርኩ።

ከዚያ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሆስፒታል ሰንብቶ መናገር ሲጀምር፣ አፉን የፈታበት ቋንቋ ጥርግ ብሎ ጠፍቶ የቀረው እንግሊዝኛው ብቻ ሆነ። እኔ ሳናግረው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሐኪሙ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚያጋጥም ነገረን። «ይመለስለታል?» አልኩት። መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገው። አይመለስም ማለቱ ነው።

እና ከገዛ ባሌ ጋር ሳላወራ ልሞት ነው? እምቢ አልኩ። አሁን ፋርማሲ የምትሠራዋን ያችኑ ልጄን ጠራሁና «በይ አስተምሪኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ?»

«ጉልበቴ ነው ያረጀው፤ ምላሴ ምን ሆነ?»

ግን ምን ዓይነት ጉድ ውስጥ ነው የገባሁት! «ላይት» መብራት ነው ተባልኩ፤ ያዝኩ። በማግስቱ ቀላል ማለትም ነው አለችኝ፤ ቀጥላ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ ቀጥላ ደግሞ እሳት መለኮስ። «ራን» መሮጥ ነው ብላኝ ሳታበቃ ውሃም ይሮጣል፣ አፍንጫም ይሮጣል፣ ሱቅ ማስተዳደርም ያው መሮጥ ነው አለችኝ።

«አፍንጫ የት ነው የሚሮጠው? ሴትዮ፣ አታሹፊብኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ፋይን» ደግሞ ደህና ነኝ ማለትም፣ ቀጭን ክር ማለትም፣ የትራፊክ ቅጣት ማለትም ነው። እንግሊዞቹ ልብስ ያጠራቸው ይመስል አንዱን ቃል እንደ ታላቅ ወንድም ካፖርት ለሁሉም ያለብሱታል። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ማሽኔ አጠገብ፣ በራሴ የልብስ ጠመኔ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ እየጻፍኩ ማጥናት ያዝኩ። አንዱ ደንበኛዬ ሱሪውን ሲወስድ ቂጡ ላይ «ላይት» የሚል ታትሞበት አገኘው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባሌ መስኮቱ ሥር ከተቀመጠበት ወንበር ፊት ለፊት ቁጭ አልኩና እንዴት ነህ አልኩት፤ በእንግሊዝኛ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ፋይን» አለ።

«የትኛው ፋይን?» አልኩት።

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወዲያው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈና ያስረዳኝ ጀመር። ወጥ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እናወራለን። ስሳሳት ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ሳገኘው ያደንቀኛል። ጸጉሩን ሳያበጥር አይጠብቀኝም። «ባሌን መልሼ አገኘሁት» ብዬ ለልጄ ነገርኳት። እርግጥ እጁን ስይዘው ቀስ ብሎ ይነጥቀኛል። ፊቱን ልጠርግለት ስል ይሸሻል። በሽታው ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ሾርባ ይዤለት ገባሁ። ማንኪያውን ወደ አፉ ሳስጠጋ እጄን መለሰውና፣ ተማሪ እንዲገባት እያንዳንዱን ቃል ለይቶ በእንግሊዝኛ ተናገረ። አንድም አላመለጠኝም።

«ጎበዝ ተማሪ ነዎት። ግን እባክዎ እዚህ ብዙ አይቆዩ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደክሟት ስትመጣ ሌላ ሴት እንዲህ ስታጎርሰኝ ብታገኝ ይከፋታል። እሷ እንዲከፋት አልፈልግም።»

ሳህኑን አስቀመጥኩት። ሚስቱን በእንግሊዝኛ አናግሯት አያውቅም። ታዲያ በእንግሊዝኛ የምታናግረው ሴት እንዴት ሚስቱ ትሁን? እኔው ነኝ ራሴን ከሚስትነት አውጥቼ ክፍል ውስጥ ያስቀመጥኩት። እንዳልመለስ ደግሞ በኛ ቋንቋ ባናግረው አይሰማኝም።

ቃላቱን አንድ በአንድ ሰብስቤ «ባለቤትዎ እኔ ነኝ» አልኩት፤ በእንግሊዝኛ፣ ሌላ በምን እለዋለሁ?

ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። አልተቆጣም፤ ፈገግ ነው ያለው።

«ተሳስተዋል። ‹ተማሪዎ ነኝ› ነው የሚባለው። እስቲ ይድገሙት።»

እየጠበቀኝ ነበር፤ ዓይኖቹ ውስጥ ያ የድሮ ትዕግሥቱ አለ።

ደገምኩለት።