ማሰሪያ የሌለው ጫማ

እኔ አውቶብስ ነው የምነዳው እንጂ የሰው ጉዳይ ፈጻሚ አይደለሁም። ይህን ነገር በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቴ እንደተናገርኩት ፈጣሪ ይቁጠረው። የሚሰማኝ ግን የለም።

መስመሬ አጭር ነው። ከእኛ ሰፈር ሕንፃዎች ሥር ተነስቶ በገበያው፣ በትምህርት ቤቱና በሁለቱ አደባባዮች ዞሮ ባቡር ጣቢያው ላይ ያበቃል። ባቡሩ ደግሞ ሰዉን አፍሶ ትልቁ ከተማ ያራግፈዋል፣ ማታ መልሶ ያመጣዋል። የእኛ ከተማ ማደሪያ ነው። የትልቁን ከተማ የቤት ኪራይ ያልቻለ፣ ከየትም አገር ይምጣ ከየት፣ መጨረሻው እዚህ ነው። ስለዚህ እኔ አውቶብስ ላይ የማይነገር ቋንቋ የለም። አንዱ በስልክ ሲጮህ ሌላው ይጸልያል፣ አጠገቡ ያለችው ቅንድቧን ትኳላለች። መስኮቱ ይከፈት፣ ይዘጋ ብለው በስድስት ቋንቋ ይጨቃጨቃሉ። እኔን በማናደድ ላይ ግን አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም።

«ቆይ! ቆይ! እየመጣች ነው!»

ይህችን በየቋንቋው አውቃታለሁ። ቋንቋ ተምረሽ ነው ወይ ብትሉኝ ጠዋት ጠዋት ስለሚጮሁብኝ ነው።

መነሻዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ባቡሩ አሥራ ሁለት ከሠላሳ አራት ላይ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው፣ የሚያከራክር ነገር የለውም። የምትመጣዋ ሴት ግን ሒሳብ አታውቅም። ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ባሏ ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ ያድርና ከማዶ በሚመጣው አውቶብስ ይገባል። ሦስት ዓመት የሆናትን ልጃቸውን ቤት ብቻዋን ጥላ መውጣት ስለማትችል፣ ከነቢጃማዋ ታቅፋ ፌርማታው ላይ ትቆማለች። ባልየው ከማዶ ሲወርድ ልጅቷን ታስረክበዋለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ትሮጣለች። ልጅቷ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ነገር የሆነባት ይመስል ታለቅሳለች፣ የእናቷን አንገት አትለቅም። በዚህ መሐል አራት ደቂቃዬ ይበላል።

በሩን ልዝጋ ስል ደግሞ አባባ አሉ። አባባ የመኪና ማቆሚያ በር ጠባቂ ናቸው፣ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚሳፈሩት። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። በሩ ሰው ሲነካው አይዘጋም።

«አባባ፣ እግርዎን ያስገቡ!»

«ጫማዬን ልሰር፣ ልጄ። አንዴ ብቻ።»

ጫማቸው ማሰሪያ የለውም! በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርገው አይቼ አላውቅም። እርር ድብን እላለሁ። እሳቸው ግን ማዶ ማዶውን እያዩ በባዶው ቆዳ ላይ ጣታቸውን ያርመሰምሳሉ። ሴትዮዋ ስትደርስ «አሁን ታሰረ» ብለው ይገባሉ።

ባለፈው ክረምት ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣልኝ። ሁለቱም «በመዘግየት» የሚሉ ናቸው። ሦስተኛው ከመጣ ከመስመሩ ተነስቼ ትልቁ ከተማ ውስጥ እመደባለሁ። ለሌላ ሹፌር ይህ ቅጣት አይደለም፣ እኔ ግን ቤቴ እናት አለችኝ። ከአልጋ መውረድ ካቆመች ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ኪኒኗን መዋጥ አለባት፣ በራሷ እጅ ደግሞ ብርጭቆ አትይዝም። የመስመሬ መነሻ ከቤቴ ሥር ስለሆነ፣ በሃያ ደቂቃ እረፍቴ ደረጃውን ሮጬ እወጣለሁ፣ ኪኒኗን አስውጣታለሁ፣ ትራሷን አስተካክላለሁ፣ ሮጬ እወርዳለሁ። ከዚህ መስመር ከተነሳሁ ይህን የሚያደርግልኝ ማን አለ? ማንም።

ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ሞተሩን ሳልቀሰቅስ ወደ ሰዉ ዞሬ ቆምኩ። «ከነገ ጀምሮ ከአሥር ሲል በሩ ይዘጋል። የፈለገ ይምጣ፣ ንጉሥም ቢሆን አልጠብቅም። ተሰማ?» አልኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሞኟ የተስማሙ መስሎኝ!

በነጋታው ከአሥር ሲል ዘጋሁት። አባባን በክንዳቸው ጎትቼ አስገብቼ ነው የዘጋሁት። በመስታወቱ ሴትዮዋ ልጅቷን እንደታቀፈች ቆማ አየኋት። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። የባሏ አውቶብስ ያኔ ነው ከማዶ ብቅ ያለው። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም፤ መስኮት እንኳ የሚከፍትም የሚዘጋም ጠፋ። ሲወርዱ አንዱም «እግዜር ይስጥልን» አላለኝም። ባቡሩ ገና ሳይመጣ ደርሰን ነበር። አራት ደቂቃ ሙሉ መድረኩ ላይ ቆመው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠበቅኳት። ምን ላድርግ? አንጀቴን በላችው። ቁጣዬን ግን አልተውኩም። ስትገባ «ይቺ የመጨረሻ ናት!» ብዬ ጮህኩባት፣ በማግስቱም ጮህኩባት።

የኛ አውቶብስ አሮጌ ስለሆነ መነሻ ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል። የስምሪት ኃላፊው፣ በዕድሜው ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ ጥሩ ዘዴ ያገኘ መሰለው። አንዲት ሠራተኛ ባቡር ጣቢያው ላይ አቁሞ ለአንድ ሳምንት ለተሳፋሪዎች ቅጽ አስሞላ። «ዛሬ አውቶብሱ ከመነሻው ስንት ሰዓት ተነሳ?» ይላል ቅጹ። ጥያቄው ይቺው ብቻ ናት።

ያን ሳምንት ሰዎቼ ኋላ ወንበር ላይ ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ ከረሙ። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እንጃ። ባለ ቅንድቧ በአጠገቤ ስታልፍ ጠቀሰችኝ። አባባ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አታስቢ ልጄ፣ ጨርሰነዋል» አሉኝ። ያኔ ነበር መደንገጥ የነበረብኝ።

ዓርብ ከሰዓት ኃላፊው ጠራኝ። ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

«እትዬ፣ ይቀመጡ። ዘገዩ ብዬ ነበር የምከስዎት» አለኝ። «ይኸው ይመልከቱ።»

አየሁ። አንዱ አሥራ ሁለት ከአምስት ብሏል። ሌላው አሥራ ሁለት ልክ። ባለ ቅንድቧ ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ። የአባባ ቅጽ መጨረሻ ላይ ነበር። በትልልቅ ፊደል፣ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ! ከሥሩም «ከፀሐይ ቀድማ ነው የምትነሳው፣ ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝመው» የሚል ጨምረዋል።

የፈጣሪ ያለህ! ሊያመሰግኑኝ ነው። ቀድሞ የደረሰ ጎበዝ ነው ብለው፣ ደቂቃ እየመረቁልኝ ነው። እርስ በርስ ተፎካክረው ነው የመረቁልኝ!

«ቀድሞ መነሳት ከመዘግየት የባሰ ጥፋት መሆኑን ያውቃሉ» አለኝ ኃላፊው። «የዘገየ ሹፌር ደብዳቤ ይሰጠዋል። ከሰዓቱ በፊት ተነስቶ ተሳፋሪ ጥሎ የሄደ ግን ይሰናበታል። ሠላሳ ስምንት ሰው ፈርሞብዎታል።»

ዝም ብል ተባረርኩ። እውነቱን ብናገር ሦስተኛውን ደብዳቤ በገዛ አፌ ጠየቅኩ። እናቴ ታየችኝ፣ ደግሞ ያ በባዶው ቆዳ ላይ የሚርመሰመሰው ጣት ታየኝ፣ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

«ውሸታቸውን ነው» አልኩት። «አንድም ቀን ቀድሜ ተነስቼ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አራት አራት ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ሰው እየጠበቅኩ።»

«ማንን?»

«ልጇን የምታስረክብ ሴት።»

ብዕሩን አነሳ። ልበ ክፉ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር። ስንብቱን ትቶ ደብዳቤውን ጻፈልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ትልቁ ከተማ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ተነሳሁባቸው።

«ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ያለው ማን ነው?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ካልቀረ ብዬ ነው» አሉ።

«ካልቀረ ብለው? ካልቀረ ብለው አባባ? እናቴን ማን ኪኒን ያስውጥልኝ?» ብዬ ጮህኩ። ጮኼ ስጨርስ ሁሉም አፍጥጠው ያዩኛል። ለካ እናት እንዳለችኝ የሚያውቅ የለም። የሁሉንም ልጅ፣ የሁሉንም በሽታ፣ የሁሉንም የባቡር ሰዓት አውቃለሁ። የራሴን ግን ለአንድ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ጠይቀውኝም ነበር እኮ፤ «አውቶብስ ነው የምነዳው» ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

ጽዳት ሠራተኛዋ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ «እትዬ፣ ባለቤቴ ቀን ቤት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ልጅቷን ይዞ ይወጣላቸዋል» አለችኝ።

«አላውቀውም እኮ! ለማላውቀው ሰው የቤቴን ቁልፍ ልስጥ?»

«በየቀኑ ያዩታል» አለች።

እውነቷን ነው። በየቀኑ ከማዶ ሲወርድ አየዋለሁ። ስሙን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። እሑድ ልጅቷን ይዞ መጣና እናቴን ተዋወቀ። ቋንቋቸው አይገናኝም። እናቴ ግን ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ስትወጣ ሳቀች፣ ከስንት ጊዜዋ። እኔም ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት ፌርማታው ላይ እንደ ተሳፋሪ ቆምኩ። ቁልፌ አንድ ብቻ ነበር፣ ሁለተኛውን ለማስቀረጽ ጊዜ አላገኘሁም። የኪኒኑን አወሳሰድ በሥዕል አድርጌ ጽፌ ከቁልፉ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ ልጅቷን ታቅፋ አጠገቤ ናት። ከአሥር ሆነ። ከማዶ የሚመጣው አውቶብስ የለም። ከአሥራ አንድ። ወይ ጉድ! የዚህን ሹፌር ሥራ ማነው የሚቆጣጠረው? ደሜ ፈላ።

በኛ በኩል አዲሱ ሹፌር፣ ሸሚዙ ገና ከእሽጉ የወጣ ልጅ፣ ሰዓቱን እያየ የበሩን ቁልፍ ይጫናል። በሩ ይሞክርና ይመለሳል።

«ቆይ! ቆይ! እየመጡ ነው!» በየቋንቋው።

ባልየው ከአሥራ ሦስት ላይ ከማዶ ወረደ። ቁልፉን እጁ ላይ አስጨብጬ «ሦስት ሰዓት! ከምግብ በኋላ!» እያልኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሮጥኩ። አውቶብስ ላይ ለመድረስ መሮጥ እንደዚህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቦርሳዬ ጎኔን ይደበድበኛል፣ ሳል ያዘኝ።

በሩ ላይ አባባ ጎንበስ ብለዋል።

«አባባ፣ እግርዎን ያስገቡ» አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ በልማድ። «ደርሻለሁ እኮ።»

«ገና አልታሰረም» አሉኝ። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያያሉ።

ዞር አልኩ። ልጅቷ የእናቷን አንገት አልለቅም ብላ ታለቅሳለች፣ አባትየው ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቅቃል። ጋቢና ያለው ልጅ በብስጭት ፊቱ ቀልቷል።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ እኮ አውቶብስ ነው የምነዳው!» አለ።

«እናውቃለን» አልኩት። ደረጃው ላይ ከአባባ ጎን አንድ እግሬን አስቀመጥኩ። የእኔ ጫማ ማሰሪያ አለው። ጎንበስ ብዬ ፈታሁትና እንደገና ማሰር ጀመርኩ።