የጽጌ እንጀራ

ይሻው ከጉና ሥር ካለችው ቤቱ ደጅ ቆሞ ጎብኚዋ ሽቅብ ስትመጣ አያት። ሙሉ ትባላለች፤ የምትመጣው ከደብረ ታቦር ነው። ለእርዳታ ቤት ለቤት እየዞረች የጎደለውን ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ቤተሰቡን ግብ ታስይዛለች። ዓምና ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ይሻው «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብን» አለው። ሰውየውም የቀረበለትን በላ፣ ምንም አልጎደለም ብሎ ጻፈ፣ ሄደ። እህልና የዘር ገብስ ሲታደል የይሻው ስም አልተጠራም። ዘንድሮም ካልተጻፈ መሬቱ ጦም ያድራል፤ ሚስቱ ፈንታነሽም ከአሁኑ ይብስ ትከሳለች። ይህን ያውቃል። ማወቁ ግን አፉን አላስከፈተውም።

ፈንታነሽ በጓሮ ወጥታ ከጎረቤታቸው ከጽጌ ሦስት እንጀራ ተበድራ ገባች። እንግዳ እህል ሳይቀምስ አይሸኝም። ዓምናም እንዲሁ ነበር።

ሙሉ መደቡ ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ገለጠች። በቀን ስንቴ እንደሚበሉ ጠየቀችው፤ ሦስቴ አላት። ጎተራው እስከ መቼ እንደሚያደርስ ጠየቀችው፤ እስከ አዲሱ እህል አላት። ስለ በሬዎቹ ጠየቀችው፤ መስክ ናቸው አላት። አንዱ ባለፈው ክረምት ሞቷል፤ ሁለተኛው ለፈንታነሽ ሕክምና ተሽጧል።

ሰፌዱ ቀረበ። እንጀራው የጤፍ ነው፤ ይሻው ግን ያለው የገብስ መሬት ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ በልተናል ብለው አልነኩትም። ሙሉ ይህን ሁሉ አየች። ወረቀቷን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«አባቴ፣ የማን ማኅበርተኛ ነዎት?»

«የሚካኤል።»

«ጽዋው መቼ ይደርስዎታል?»

ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የደረሰው ደግሶ ማኅበሩን ያበላል። ስለ ሆዱ ቢዋሽ ንስሐ ይገባበታል። በሚካኤል ጽዋ ግን አይዋሽም። ፈንታነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ተራዬን ሁለት ጊዜ አሳለፍሁት» አለ ይሻው። «ከዚያ ወዲያ አልሄድሁም። ሳያበሉ መብላት ነውር ነው።»

ሙሉ ወረቀቱን መልሳ ዘረጋች። ግብ ከሚለው ሥር ጻፈችና አነበበችለት፤ በኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተቀብሎ ማኅበሩን ማብላት።

«ኅዳር አይሆንም» አላት። «የደጋ ገብስ ያን ጊዜ ገና ማሳ ላይ ነው። ጥር በይው።»

ሰርዛ ጥር ብላ ጻፈች። ለዚያ የሚያስፈልገውን ስትጠይቀው በጣቱ እየቆጠረ ነገራት፤ ዘር፣ ለእርሻው ጥማድ በሬ፣ እስከዚያ የሚቀመስ እህል። የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። ሙሉ የሚወስነው የቀበሌው ስብሰባ መሆኑን፣ እሷም እዚያ ቆማ እንደምትናገርለት፣ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን እንደማትገባ ነገረችው።

ልትነሳ ስትል ይሻው በእጁ ወደ ሰፌዱ አመለከተ።

«እንጀራውም የጽጌ ነው። እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ እጇን ታጥባ ከእንጀራው ቆረሰችና ፈንታነሽን አጎረሰቻት። ፈንታነሽ አልተግደረደረችም።