ፋኖሱን ለማን እንመልስ?

ሰው ሥራው ሲሰደብ ይከፋዋል። ካርታ ሳዪዋ ግን ሥራዋ በተሰደበ ቁጥር ደስ ይላት ጀመር። አትፍረዱባት፤ ምክንያት ነበራት።

ስድቡ የሚመጣው በአንድ የጨዋታ ሱቅ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው። እሷና ባሏ አብረው የጻፉት «ደወሉ የጠፋበት መንደር» የተባለ የጀብዱ መጽሐፍ እዚያ ይሸጣል። ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ተጋድመው የሚያነቡት አይደለም፤ የሚጫወቱት ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ሆኖ መጽሐፉን ይዞ ይተርካል፤ ሌሎቹ የታሪኩ ሰዎች ሆነው «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔስ እግሬ አውጪኝ» ይላሉ፤ ተሳካላቸው አልተሳካላቸው የሚጣለው ባለቁጥር ዳይስ ይፈርዳል። ልጅ የዳሩ፣ ቢሮ የሚያስተዳድሩ ትልልቅ ሰዎች ለዚህ ጨዋታ ቅዳሜያቸውን ሙሉ ይሰጣሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ስህተት ከተገኘበት ምሕረት የላቸውም።

ይኼኛው ደግሞ ስህተት ነበረበት፤ ያውም ዓይን ያወጣ። በመጽሐፉ መጀመሪያ ተጫዋቾቹ አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ይደርሳሉ። ማረፊያዋን የያዙት ባልና ሚስት ናቸው። ተጫዋቾቹ የተሰረቀውን ደወል ሊያመጡ ወደ አሮጌው የማዕድን ጉድጓድ ሊወርዱ ሲነሱ፣ ሚስትየዋ ፋኖሷን ከግድግዳ አውርዳ ትሰጣቸውና «የእናቴ ነው። ስትመለሱ በእጄ አስረክቡኝ፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጡብኝ» ትላለች። እነሱም ያንን ፋኖስ እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀው፣ ከጎርፍ አትርፈው፣ ከሌባ አስጥለው፣ ደወሉን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ባልየው ብቻ አለ። ሚስትየዋ ሞተች አይባል፣ ሄደች አይባል፤ ጭራሽ እንዳልተፈጠረች ነው።

«ፋኖሱን ለማን እንመልስ?» ሲል ጠየቀ «ጥርሶ» የተባለ ደንበኛ። ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጠ።

«ሰውየውን ሚስትህ የት አለች ብንለው መሪያችን መጽሐፉን ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ መልስ አጣ። በመጨረሻ ገድሏት ነው ብለን አሰርነው» አለ ሌላው። ማሰሩ ሳያስደስተው አልቀረም፤ ሦስት ኮከብ ሰጥቷል።

«ካርታዎቹ ያምራሉ። ጽሑፉ ግን ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው የጻፉት ይመስላል።» አንድ ኮከብ። እሱም ለካርታው።

ባሏ ክረምት ሲገባ ከቤት ወጥቶ ሰንበትበት ብሏል። «እህቴ ጋ ትንሽ ልሰንብት፤ ጭንቅላቴ ይረፍ» ብሎ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ ነው የሄደው። ሻንጣዋ ትንሽ ስለነበረች ካርታ ሳዪዋ በሻንጣዋ ተጽናናች። የብርድ ልብሱን አልወሰደም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ አልመለሰም፤ ቁልፍ ይዞ የሄደ ሰው አንድ ቀን በሩን ከፍቶ መግባቱ አይቀርም ብላ አመነች። ታላቅ እህቷ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብትላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ሁለቱ የሚሠሩት የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። እሷ ካርታውን ትሥላለች፣ ከመሬት በላይ ያለውንም ትጽፋለች፤ እሱ ከመሬት በታች ያለውንና መመለሻውን። ከሄደ ወዲህ እንኳ የእሱን ወገን አልነካችም። ትልልቅ ወረቀቶቿን በራሷ በኩል እያጠፈች ስትሥል፣ ግማሹ ጠረጴዛ ባዶውን አቧራ ይጠጣል።

አሁን አስተያየቱ ለምን እንዳስደሰታት ግልጽ ነው። «ናፍቀኸኛል» ብሎ መደወል ያሳፍራል፤ «ደንበኞች ተቆጥተዋል፣ ተገናኝተን እናርመው» ብሎ መደወል ግን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ስድብ ወደ ቤት የሚያስመልሰው አንድ ሰበብ ሆኖ ታያት። እንዲያውም አንድ ቀን ራሷ በሐሰት ስም ገብታ አንድ ኮከብ ልትሰጥ ስትል እጇን ያዝ አደረገች።

የሱቁ ባለቤት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ወፍራም ሽማግሌ፣ ሥራዋን አቀለሉላት። «ልጄ» አሉ በስልክ፣ «ሰው ሱቄ ድረስ እየመጣ ፋኖስ ፋኖስ እያለ አሳበደኝ። እኔ መብራት ኃይል ነኝ? ሁለታችሁም ቅዳሜ ጠዋት ኑና አንድ ገጽ እርማት ጻፉልኝ፤ በየመጽሐፉ ውስጥ አስገባዋለሁ።»

ባሏ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። አላንገራገረም። ካርታ ሳዪዋም ያን ሳምንት ፀጉሯን ተሠራች፤ እሱ የሚወደውን ሰማያዊ ሹራብ አጥባ ዘረጋች። ዓርብ ደግሞ ተዘጋጅታ ለመሄድ የእሱን ክፍል አውጥታ ማንበብ ጀመረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ሁለቱ አንድ ልማድ ነበራቸው። መጽሐፍ ሲያልቅ ይለዋወጡና የአንዱን ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ስህተት ያገኘ ሰው የዚያን ቀን ዕቃ ከማጠብ ይድናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ከመጽሐፎቻቸው አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታመልጥም ነበር። የመጨረሻው መጽሐፍ ሲያልቅ ግን «አነበብከው?» አለችው፤ «አዎ፣ ግሩም ነው» አላት። «አንቺስ የኔን?» «አንብቤዋለሁ፣ ቆንጆ ነው» አለችው። ዋሽታለች። ደክሟት ነበር፤ ነገ አነበዋለሁ ብላ ነበር፤ ነገም ሌላ ነገር ሆነ።

እናም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተጫዋቾቹ ወደ ማረፊያዋ ሲመለሱ ባልየው በር ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል። ስለ አየሩ ያወራል። የሚተኛበትን ክፍል ያሳያቸዋል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ አጠገብ አንድ ኩባያ። «ሰውየው እንቅልፍ የጠገበ ይመስላል» ይላል ጽሑፉ፤ «ፊቱ ላይ የረጅም ጊዜ ሰላም አለ።» ካርታ ሳዪዋ ይህን ሦስቴ አነበበችው። ባሏ ይህን ሲጽፍ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የዚያኑ ማረፊያ ካርታ እየሣለች ነበር። በካርታዋ ላይ ክፍሉን ባለሁለት አልጋ አድርጋዋለች።

ቢሆንም ሰው ተስፋውን በቀላሉ አይቀብርም። ቸኩሎ ነው፣ ስህተት ነው፣ ለዚህም አይደል እርማት የምንጽፈው እያለች ሰማያዊውን ሹራብ አጣጠፈችው።

ቅዳሜ ስትደርስ ባሏን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ደንበኞች በሚጫወቱበት ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አይታው የማታውቀው መነጽር አድርጓል። ያምርበታል። እሷ ሳታውቅ ዓይኑ ደክሞ፣ ሐኪም ጋ ሄዶ፣ መነጽር መርጧል። «ካርታዬ» ይላት የነበረው ሰው «ደህና ነሽ?» አላት እንደ መሥሪያ ቤት ባልደረባ። ጋሼ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አስቀመጡላቸውና ከሳጥን ጋር የሚታገሉ መስለው ወጡ።

«ታዲያ የት ሄደች?» አለችው።

«ማን?»

«ሚስትየዋ ናታ።»

«እ…» አንገቱን አከከ። «አስተያየቶቹን አየኋቸው። እውነቱን ልንገርሽ? ረሳኋት።»

ካርታ ሳዪዋ ለብዙ ዓይነት መልስ ተዘጋጅታ ነበር። ተናድጄብሽ ነበር ቢላት የምትመልሰው አላት። ሆን ብዬ ነው ቢላትም ትጣላዋለች። የተጣላ ሰው ይታረቃል፤ የረሳን ሰው ግን በምን ሽማግሌ ያስታርቁታል?

«ከክፋት እንዳይመስልሽ» አለ ቶሎ ብሎ። «ስጽፍ ሰውየው ብቻውን ሆኖ ነው የታየኝ። እንዲሁ ታየኝ። ለማንኛውም ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው እናውጣት። ፋኖሱን ባልየው ይስጣቸው። አራት መስመር ብትሰርዢ ይበቃል፤ እንደነበረች እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።»

«አራት መስመር ናት?»

«እኔ እንኳ ማለቴ…»

«የኔን ክፍል አንብበኸው ነበር?»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «አላነበብኩትም። ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺስ የኔን?»

«ትናንትና አነበብኩት።»

ተያዩና ሁለቱም ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፤ ሁለት ሌባ በአንድ ጓሮ የተገናኙ ይመስል። አንድ አፍታ ያ ድሮ የምታውቀው ፊቱ ተመለሰ፤ እሷም ያንን ፊት እንዳየች የሆዷን በሆዷ መያዝ አቃታት።

«ትመለሳለህ?» አለችው።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ጣቱን በብርጭቆው አፍ ዙሪያ አዞረ። «እርማቱን እንደፈለግሽ አድርገሽ ጻፊው» አለ። «አንቺ በጻፍሽው እስማማለሁ።»

የጠየቀችው ይህን አልነበረም። መልሱ ግን መልስ ነበር። ስለ ካርታዎቹ አመሰገናት፤ ደንበኞቹ ሁሉ ካርታውን ወደውታል አላት። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው አስጠግቶ ሄደ። ሻዩን አልነካውም።

ጋሼ ሲገቡ ሳጥን አልያዙም። ፊቷ ቆመው ጃኬታቸውን ዳበሱ፤ የደረት ኪሳቸውን፣ የጎኑን፣ እንደገና የደረቱን። ዕቃው የት እንዳለ ጠፍቷቸው አልነበረም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ገና ሲገባ ነው የሰጠኝ። ስንጨርስ ይስጡልኝ አለ። እኔ እንዲህ ላለ መልእክት የምሆን ሰው አይደለሁም። በእጇ አስረክባት አልኩት፤ አልሆነለትም።»

የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጡት። ገና ሲገባ። እሷ ስለ ሚስትየዋ ሳትጠይቀው፣ አብረው ሳይስቁ፣ ትመለሳለህ ሳትለው በፊት። ያጠበችው ሹራብ አንገቷን አሳከካት።

ሽማግሌው ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው። ሰው ሲያዝን ማየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ የሆነ ነገር ካላደረጉ ይጨንቃቸዋል። ስልካቸውን አወጡና ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። «ሁሉም እየተሳደበ እንዳይመስልሽ። ይቺ አስተያየት ዛሬ ጠዋት የመጣች ናት። ነርሶች ናቸው፣ አራት፤ ወር በገባ ቁጥር እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይጫወታሉ። ስሚማ» ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ስንመለስ ሚስትየዋን አጣናት። መሪያችን ‹መጽሐፉ ምንም አይልም፣ እንለፈው› አለች። እኛ ግን ፋኖሱን በእጇ እናስረክባለን ብለን ቃል ገብተናል። ደወሉን ሜዳ ላይ ጥለን ፍለጋ ወጣን። ጓዳውን አየን፣ ጉድጓዱን አየን፣ መንደሩን ቤት ለቤት አንኳኳን። ስም ስላልተሰጣት ‹ባለፋኖሷ! ባለፋኖሷ!› እያልን ተጣራን። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ጋሼ እስኪያስወጡን ድረስ ፈለግናት። አላገኘናትም። ዘንዶም አልገደልንም፣ ሽልማትም አላገኘንም። ግን ወር ሙሉ የምናስበው እሷን ነው። ደራሲዎቹ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩን። አራት ኮከብ።»

ለቁልፉ ያላለቀሰች ሴት በዚህ ጊዜ ተንሰቀሰቀች። ስሟን የማያውቁ አራት ሴቶች ከሥራ ደክመው ወጥተው፣ ዕረፍታቸውን ሰውተው፣ ቤት ለቤት ሲፈልጓት ታያት። በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው ግን መጥፋቷን እንኳ ልብ አላለም። እሷስ ብትሆን፣ እዚያው ተቀምጣ፣ እሱ ከየትኛው ገጽ ላይ ጥሏት እንደሄደ መቼ ልብ አለች? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ የክረምቱ ሁሉ እንባ በአንድ ጊዜ መጣ። ጋሼ የመስታወት ሣጥኖቹን የሚወለውሉበትን ጨርቅ አቀበሏት። የመስታወት ማጽጃ ይሸታል፤ ቢሆንም ተቀበለቻቸው።

ሲወጣላት ወረቀት ጠየቀች። መጀመሪያ «ሚስትየዋ ጓዳ ናት፤ ተጫዋቾቹ ሲጠሯት ትመጣለች» ብላ ጻፈች። ደንበኛን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ፣ ሁለት አልጋ ያለበት እርማት ነበር። አየችው፣ አየችውና ሰረዘችው። ከታች እንዲህ አለች፦

«እርማት። ተጫዋቾቹ ሲመለሱ ሚስትየዋ የለችም፤ ሄዳለች። አልሞተችም፤ ማንም አልገደላትም፤ ባልየው አይታሰር። የት እንደሄደች ቢጠይቁት አያውቅም። ፋኖሱ ለፈለጓት ነው፤ ይዘውት ይሂዱ።»

ጋሼ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። «መልካም» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ግን ልጄ፣ እነዚያ ነርሶች አይለቁኝም። ታዲያ ደህና ናት ወይ ብለው ቢያፋጥጡኝስ?»

«ገና አላወቀችም ይበሏቸው» አለች።

ጨርቁን አጥፋ መለሰችላቸው። ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥታ፣ ለአንድ በር ሁለት ቁልፍ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።