የተቆረጠው የማር እንጀራ

አዛውንቱ ማር ቆራጭ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ዛፍ ላይ ወጥተው አያውቁም። ደን ውስጥ ለኖረው ወገናቸው ደግሞ ማር ማለት ዛፍ መውጣት ነውና፣ ቤት መዋሉ ከሞት አልተለየባቸውም። እግዜር ይስጣትና ሴት ልጃቸው የንብ ማነብ ሥልጠና ወስዳ ደጃቸው ላይ የሣጥን ቀፎ አስቀመጠች። አሁን ደግሞ ጎረቤቶቿን ልታስተምር ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ነገ ነው፣ ማሳያ የሚሆነው ቀፎም ያው አንዱ ብቻ።

ልጅቱ አግዳሚ ወንበር ልትዋስ ወጣ ስትል፣ አባት ውለታዋን ሊመልሱ ተነሡ። ቀፎውን በጭስ አጠኑና እንደ ዛፉ ዘመን ያለውን ሁሉ በቢላ ቆርጠው አወጡት። ዛፍ ላይ መቼም ሁለቴ አይወጣም፤ ጠራርጎ መውረድ ነው፣ ንቡም ሲያሰኘው ለከርሞ ይመጣል። ማሩን በአንድ ሳፋ፣ እጭ ያለበትን እንጀራ በሌላ ደርድረው ምስጋና ሊቀበሉ በር ላይ ተጎለቱ።

ልጅቱ ስታይ ክው አለች።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«ላግዝሽ ብዬ ነዋ።»

«እጩ እኮ የንቦቹ ልጆች ናቸው። ልጆቹን የተነጠቀ ንብ ምን ሊሠራ ይቀመጣል? ጥሎን ይሄዳል።»

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ዳግመኛ ቀፎው አጠገብ ድርሽ እንዳይሉ ብትከለክላቸውስ? ከሰው እኩል የሚያውላቸው ሥራ እሱ ብቻ ነበር የቀራቸው። እሷ ግን እንጀራው ተቆርጦ የወጣባቸውን ባዶ የእንጨት ክፈፎች ከቀፎው አምጥታ ፊታቸው ዘረገፈች።

«እጩ ሳይቀዘቅዝ እንጀራውን ክፈፉ ላይ መልሰን እንሰረው። ሥልጠናው ላይ ሲሠራ አይቻለሁ።»

ማየትና ማሰር ግን ለየቅል ናቸው። ክሩን ስታጠብቀው እንጀራውን ይቆርጠዋል፣ ስታላላው ይወድቃል። ዕድሜ ልካቸውን በገመድ የተንጠለጠሉት አባቷ ከእጇ ተቀበሏት። አሮጌ ነጠላቸውን ሰፋ ሰፋ አድርገው ቀደዱና፣ አራስ ልጅ እንደሚጠቀልል ሰው ቀስ ብለው አሰሩት። እሷ ትደግፋለች፣ እሳቸው ይቋጥራሉ። ሲጨርሱም ክፈፎቹን ወደ ቀፎው መለሱ።

በማግስቱ ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ወደ ቀፎው ይገቡ ጀመር፤ ለእጩ ቀለብ ነው። አዛውንቱ ሲያዩ ልባቸው ቅቤ ጠጣ። አልሄዱም። ልጃቸውም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ጎረቤቶች ሲሰበሰቡ ግን ሀፍረቱ መጣና ከኋላ ተሸጉጠው ተቀመጡ። ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዛፍ ላይ ያሉ ንቦቻችሁን ወደ ሣጥን ስታዛውሩ እንጀራው እንዴት እንደሚታሰር ዛሬ እንማራለን። የሚያስተምሩን አባቴ ናቸው።»

አዛውንቱ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ። ሊያመሰግኗት አፋቸውን ቢከፍቱ እንባ ቀደማቸው።

«በይ አንቺ» አሉ፣ ፊት ወደ ተቀመጠችው ጎረቤታቸው ዞረው፣ «ቅረቢና ክፈፉን ያዢልኝ።»